ዲስኩ ነው ወይስ ማንበቢያው? ኪስ ከመዳበስ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። በኮምፒዩተር ገበያ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ነገሩ ከሥሩ ሳይመረመር ዕቃ ይገዛል፣ ወይም ዕቃ ይጣላል።

ሁለት ሸሪኮች ተለያይተው ድርሻቸውን ሊተሳሰቡ ተቀመጡ እንበል። ክርክሩ በ1999 ዓ.ም. በተደረገ የመጋዘን ቆጠራ ላይ ነው። ወረቀቱን ምስጥ በልቶታል። የቀረው ማስረጃ በጊዜው የሒሳብ ሠራተኛው ቢሮ ውስጥ በርን አድርጎ፣ ላዩ ላይ «ቆጠራ» ብሎ ጽፎ ካዝና ውስጥ ያስቀመጠው አንድ ሲዲ ብቻ ነው። ሲዲው ሲገባ ድራይቩ ይሽከረከራል፣ ያጉረመርማል፣ በመጨረሻም ዲስክ ያስገቡ ይላል። ከሱቅ የተገዛ የዘፈን ሲዲ ግን እዚያው ድራይቭ ላይ ያለ እንከን ይሠራል።

በዚህ ጊዜ ባለ ጉዳዩ ወደ ጥገና ቤት ሲሮጥ ከሦስት ፍርዶች አንዱን መስማቱ የተለመደ ነው፤ ዲስኩ ሞቷል ይጣል፣ ድራይቩ ሞቷል ይቀየር፣ ወይም ኮምፒዩተሩ ፎርማት ይደረግ። ሦስቱም ገንዘብ ወይም ማስረጃ ያስወጣሉ። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ዲስኩም ድራይቩም አልሞቱም፤ ሁለቱ አልተግባቡም እንጂ።

የፋብሪካና የቢሮ ዲስክ

በፋብሪካ የተመረተ ሲዲ መረጃውን የሚይዘው በፕላስቲክ ላይ በታተሙ ጥቃቅን ጎድጓዶች ሲሆን፣ ከላይ በአሉሚኒየም ይሸፈናል። ይህ ሽፋን የሌዘሩን ብርሃን ከመቶ 70 እጅ በላይ መልሶ ያንፀባርቃል። በቤት ወይም በቢሮ በርን የሚደረገው ሲዲ ግን ጎድጓድ የለውም። በውስጡ ያለውን ስስ ቀለም ሌዘሩ እያሞቀ ምልክት ይጽፍበታል። ቀለሙ ደግሞ ፀሐይና ሙቀት አይወድም፤ ጥራቱም እንደ አምራቹ ይለያያል። ተሰርዞ እንደገና የሚጻፍበት ዓይነት ሲዲ ይብሳል፤ የሚያንፀባርቀው ከመቶ 15 እስከ 25 እጅ ብቻ ነው።

በመሆኑም የሌዘር ጉልበቱ የደከመ ወይም ሌንሱ አቧራ የጠጣ ድራይቭ መጀመሪያ የሚከዳው የቢሮውን ዲስክ ነው። የዘፈኑ ሲዲ መሥራቱ ድራይቩ ጤነኛ ለመሆኑ ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

ገንዘብ የማይጠይቅ ፍተሻ

የመጀመሪያው እርምጃ ሌሎች ሦስት ዲስኮችን በዚያው ድራይቭ መሞከር ነው፤ አንድ የፋብሪካ ሲዲ፣ ሌላ ቦታ በርን የተደረገ ሲዲ፣ እና አንድ ዲቪዲ። ሌላው የቢሮ ሲዲ ከተነበበ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ያዘነብላል። እሱም ካልተነበበ ወደ ድራይቩ። ዲቪዲ እያነበበ ሲዲ የሚባል ነገር ሁሉ ካላነበበ ደግሞ ከሁለቱ ሌዘሮች አንዱ ተዳክሟል ማለት ነው፤ የሲዲው ሌዘር ባለ 780 ናኖሜትር፣ የዲቪዲው ባለ 650 ናኖሜትር ስለሆነ አንዱ ወድቆ ሌላው ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛው እርምጃ ዲስኩን በሌላ ኮምፒዩተር መሞከር ነው። ከሁሉም የሚመረጠው መጀመሪያ በርን ያደረገው ማሽን ነው፤ እሱ ከሌለም በርን ማድረግ የሚችል ድራይቭ ይፈለግ። ምክንያቱም ሒሳብ በዓመት መጨረሻ እንደሚዘጋ ሁሉ ዲስክም ተጽፎ ሲያበቃ መዘጋት ነበረበት። ሠራተኛው ሌላ ጊዜ እጨምርበታለሁ ብሎ ሳይዘጋው ትቶት ከሆነ፣ ማንበብ ብቻ የሚችለው ድራይቭ ባዶ ነው ሊል ይችላል። በርን የሚያደርገው ድራይቭ ግን ሊያየው ይችላል። እንዲህ ያለውን ዲስክ ባዶ መስሎት የጣለ ሰው የገዛ ማስረጃውን ጥሏል ማለት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ዲስኩን በዓይን ማየት ነው። የሚያብረቀርቀው ገጽ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ይጠረግ፤ እያዞሩ መጥረግ ጭረቱን በመረጃው መስመር ላይ ስለሚያሳርፍ ጉዳት አለው። ቀጥሎ ዲስኩ ወደ መብራት ይያዝ። የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ብርሃን ካሳለፈ ሽፋኑ ተልጧል። ብዙ ሰው የሚፈራው ከሥር ያለውን ጭረት ቢሆንም፣ በሲዲ ላይ አደገኛው ጽሑፍ የሚጻፍበት የላይኛው ገጽ ነው፤ መረጃው ያለው ከዚያ ስስ ሽፋን ሥር ነውና። የሥሩ ጭረት ሊወለወል ይችላል፣ የላዩ ግን መድኃኒት የለውም። የተለጠፈበት ወረቀት ካለም መንቀል አይገባም፤ ሽፋኑን ይዞት ሊነሣ ይችላል።

አራተኛው፣ ለማጽጃ የተሠራውን ባለ ብሩሽ ዲስክ አንድ ጊዜ መሞከር ነው። ጥፋቱ አቧራ ብቻ ከሆነ በዚህ ሊቀልል ይችላል። ድራይቩ ምንም ዓይነት ዲስክ የማያይ ከሆነና በኮምፒዩተሩ ዝርዝር ውስጥም ካልታየ ግን ነገሩ የገመድ ወይም የፕሮግራም ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩን መውቀስ አይገባም።

መግዛት ግድ ከሆነ

አዳዲስ ላፕቶፖች በአብዛኛው ድራይቭ ሳይኖራቸው ስለሚመጡ አማራጩ በዩኤስቢ የሚሰካው የውጭ ድራይቭ ነው። ገዢ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ማንበብ ብቻ ሳይሆን በርን ማድረግም የሚችለውን መምረጥ። ሁለተኛ፣ ሱቁ በሚያቀርበው የፋብሪካ ዲስክ ሳይሆን ራሱ በርን አድርጎ ባመጣው ዲስክ ከሒሳብ በፊት ማስሞከር፤ ለዚህ ግን ብቸኛውን የማስረጃ ዲስክ ይዞ መሄድ አይገባም። ሦስተኛ፣ ድራይቩ ጀምሮ የሚያቆም ከሆነ የኤሌክትሪክ ጉልበት አንሶት ሊሆን ስለሚችል በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ወይም ባለ ሁለት ራስ ገመድ መሞከር። ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተነቀለ ድራይቭ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሰፊው የጥንቱ ገመድ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ቦታ እንደሌለው ይወቅ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የደንበኞች ዝርዝርና የባንክ ሒሳብ የያዘ ዲስክ ጥገና ቤት ትቶ መሄድ የካዝና ቁልፍ ትቶ ከመሄድ አይለይም። ባለቤቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማስገልበጥ ይኖርበታል።

ጊዜው እያለፈ ነው

የሲዲ ሪከርድ መለኪያ በፊሊፕስና በሶኒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የባዶ ዲስክ አምራቾች አንዱ የሆነው የጃፓኑ ታዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከሥራው ወጣ። ሶኒም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የሚጻፍባቸውን ብሉ ሬይ ዲስኮች ማምረት አቆመ። ገበያው እየጠበበ ሲሄድ ጥሩ ማንበቢያ ማግኘትም እየከበደ ይሄዳል፤ ካዝና ውስጥ ያለው ዲስክ ደግሞ በየዓመቱ ያረጃል።

ስለዚህ አስቸጋሪው ዲስክ አንድ ቀን ከተነበበ ነገ እገለብጠዋለሁ ማለት ትርፍ የለውም። በዚያው ሰዓት ወደ ሃርድ ዲስክ፣ ሁለተኛውን ቅጂ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ወደሚቀመጥ ዕቃ ማዛወር ነው። ቅጂው ተከፍቶ ከታየ በኋላም ዋናው ዲስክ አይጣል፤ ሸሪክ ቅጂውን ሲጠራጠር የሚቀርበው እሱ ነው።

የካዝናቸው ዲስክ እስካሁን ያልከዳቸው ነጋዴዎችም ቢሆኑ ቆጠራውን ዛሬ ማካሄድ ይችላሉ። ስንት ዲስክ አለ? የትኛው ይነበባል? የትኛውስ ክርክር ቢነሣ ይፈለጋል? የድራይቭ ዋጋ ከአንድ የጠፋ የሒሳብ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።