የቄሱ ሞተር በባልቲክ ባሕር ውስጥ

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. በስዊድን አገር፣ በማልሜ ከተማ ከሚገኘው ከኮኩምስ የመርከብ መሥሪያ ወደ ባሕር የወረደችውና በሚከተለው ዓመት ለአገሯ የባሕር ኃይል የተሰጠችው ጎትላንድ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ፣ ርዝመቷ 60 ሜትር ያህል፣ ክብደቷም ከውኃ በታች ስትሆን 1,600 ቶን ገደማ ነው፤ ኡፕላንድና ሃላንድ የሚባሉ ሁለት እኅቶች አሏት፤ እንደ ማንኛዪቱም የጦር ሰርጓጅ ቶርፔዶ ትተኩሳለች፣ ፈንጂ ትቀብራለች። ስለ ጦር ዕቃዋ ይህ ይበቃል፤ ዕፁብ የሚያሰኘው ነገሯ ያለው በሞተር ክፍሏ ነውና።

ብዙ ሰው፣ ከጋዜጣ ጸሓፊዎችም ጥቂት የማይባሉት ጭምር፣ በናፍጣና በኤሌክትሪክ የምትሄድ ሰርጓጅ ሲባል፣ ለኑክሌር ኃይል አቅም ያነሰው መንግሥት ሳይወድ የያዛት፣ ዘመን ያለፈባት መሣሪያ ትመስለዋለች። በካርልስክሮና የባሕር ኃይል ቤተ መዘክር፣ ከጎትላንድ ቀድመው ከነበሩት ሰርጓጆች አንዷ የሆነችው ኔፕቱን ሙሉ አካሏ ቆሞ በሚታይበት አዳራሽ፣ በስዊድን ብዙ ዘመን የኖረ አንድ ወዳጄ፣ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ የአያቶቻችን ነገር ነው፤ ዛሬ የሚያስፈራው ኑክሌሩ ነው» ብሎ ሰዓቱን ቢመለከት፣ ቅር ብሎኝ እስከ ምሳ ድረስ ስገሥጸው ቈየሁ። ኑክሌሩ አየር ስለማይሻ ወራት ሙሉ ከውኃ በታች ይኖራል፣ ፍጥነቱም የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን እሳቱ በፈለጉት ሰዓት እፍ ብለው የሚያጠፉት ስላልሆነ፣ ማቀዝቀዣውን የሚያዘዋውሩት ፓምፖችና በእንፋሎት የሚዞሩት ተርባይኖች አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ሲያሰሙ ያድራሉ፤ በባትሪ የምትሄደዋ ግን ሞተሯን አጥፍታ በባሕሩ ወለል ላይ ስታርፍ፣ በሶናር የሚያዳምጣት ጠላት ከራሱ ከባሕሩ ድምፅ በቀር የሚሰማው የለም። ሕማሟ አንድ ነው፤ እርሱም የባትሪው ማለቅ ነው። የናፍጣ ሞተር ያለ አየር አይነሣምና፣ በየጥቂት ቀኑ ወደ ላይ ቀረብ ብላ፣ የመተንፈሻ ቱቦዋን ከውኃው በላይ አውጥታ፣ ሞተሯን እያስጮኸች ባትሪዋን መሙላት ግድ ይሆንባታል፤ በዚያች ሰዓት ራዳር ያያታል፣ ሶናርም ይሰማታል።

ለዚህ ሕማም መድኀኒቱ የተገኘው ከጦር መሐንዲስ ሳይሆን ከቄስ ነው። የእንፋሎት ጋን እየፈነዳ ሠራተኛውን በሚፈጅበት በዚያ ዘመን፣ ሮበርት ስተርሊንግ የተባለ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በ1816፣ ማዕርገ ክህነት በተቀበለበት በዚያው ዓመት፣ በሞቀ አየር የሚሠራ ሞተር ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ጠየቀበት። በተለመደው ሞተር ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ በየቅጽበቱ እየፈነዳ ፒስተኑን ይገፋል፤ ሰርጓጅን ለጠላት ጆሮ አሳልፎ የሚሰጣት ያ የፍንዳታ ተርታ ነው። በቄሱ ሞተር ግን፣ እሳቱ ከምጣዱ በታች ሊጡም ከምጣዱ በላይ እንደሚሆን ሁሉ፣ ነዳጁ በውጭ በኩል ባለው ክፍል ሳያቋርጥ በዝግታ ይነዳል፤ በውስጥ የታተመው ጋዝ፣ በጎትላንድ ሂሊየም ነው፣ ነበልባሉን ሳይነካ በአንድ ወገን ሞቆ እየሰፋ፣ በሌላው ወገን በርዶ እየጠበበ ፒስተኑን ያመላልሰዋል። የጥበቡ ጕልላት ደግሞ፣ ብዙ መምህራን በአንድ መስመር የሚያልፉት፣ በሙቁና በቀዝቃዛው ክፍል መካከል የተተከለው ሙቀት ቈጣቢ ነው፤ ጋዙ ወደ ቀዝቃዛው ሲያልፍ ሙቀቱን በዚያ በተነባበረ ቀጭን የብረት መረብ ላይ በአደራ ያስቀምጣል፣ ሲመለስም ያስቀመጠውን ይረከባል፤ ይህ ባይኖር ያ ሁሉ ሙቀት በየዙሩ የማቀዝቀዣው ውኃ ሲሳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ስተርሊንግም በማመልከቻው ዋና አድርጎ ያቀረበው ይህንኑ ሙቀት ቈጣቢ ሲሆን፣ ሞተሩን ያመጣው ለዚህ ማስረጃ ይሆን ዘንድ ነው፤ ስለ ሞተሩ አስተምረው ቈጣቢውን የሚዘነጉ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

ኮኩምስ ይህን ጥበብ በ1988 ኔከን በተባለች ሰርጓጅ ላይ፣ አካሏን ለሁለት ቈርጦ አዲስ ክፍል በመካከል በማስገባት ከፈተነው በኋላ፣ ጎትላንድ ከፅንሰቷ ጀምሮ ለዚሁ ሞተር ታስባ ተሠራች። ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ ኦክሲጅን በጋን ይዛ ትወርዳለች፤ ናፍጣው ከኦክሲጅኑ ጋር የሚነድበት ክፍል ግፊቱ ከውጭው ባሕር ግፊት ስለሚበልጥ፣ ጢሱ ገፊ ሳይሻ ወጥቶ በውኃው ውስጥ ይሟሟል። ሁለቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 75 ኪሎዋት፣ ማለት 100 የፈረስ ጕልበት ብቻ ናቸው፤ በዚህም ኃይል በ5 ኖት ፍጥነት እያዘገመች ሁለት ሳምንት ያህል አየር ሳትሻ ትቈያለች፤ 20 ኖት መሮጥ ስትፈልግ ግን ባትሪዋን መንካት አለባት፣ እርሱም ቶሎ ያልቃል። ይህን ቍጥር ሰምተው የሚሥቁ አጋጥመውኛል፤ አድፍጦ የሚጠብቅን ምን ያሮጠዋል?

አሜሪካኖች ግን አልሣቁም። በ2005 ጎትላንድን ከነባሕርተኞቿ ተከራይተው፣ በሌላ መርከብ ጀርባ ላይ ጭነው ወደ ሳንዲዬጎ ካስመጧት በኋላ፣ በልምምድ ላይ ሮናልድ ሬገን የተባለችውን አውሮፕላን ተሸካሚ የሚጠብቁትን መርከቦች ሁሉ ሳይሰሟት አልፋ ግዙፏን መርከብ ለማስጠም ከሚያበቃት ቦታ ስለ ደረሰች፣ የአንድ ዓመቱን ውል በሌላ ዓመት አራዘሙት።

ጃፓኖች በበኩላቸው ሞተሩን በፈቃድ እያሠሩ ሶርዩ በሚባሉት ሰርጓጆቻቸው ሲገለገሉበት ቈይተው፣ በ2020 አገልግሎት ከጀመረችው ከኦርዩ ወዲህ በሊቲየም ባትሪ ለውጠውታል፤ ይህን ሰምተው የቄሱ ሞተር ዘመኑ አከተመ የሚሉ ችኩሎች አሉ። በእኔ ግምት ጃፓኖች የሚጠብቁት ሰፊ ውቅያኖስ ስለሆነ ኃይልና ፍጥነት ይሻሉ፤ ባልቲክ ግን አማካይ ጥልቀቱ 55 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ፣ ደሴትና ቋጥኝ የበዛበት ባሕር ነውና፣ ስዊድኖች ብሌኪንገ ብለው በሚሠሯት አዲስ ሰርጓጅ ውስጥም የሚተክሉት ያንኑ ስተርሊንግን ነው።