የጎርጎራ ዳርቻና የመርካቶ ነጋዴ

የአንድ አገር ሀብት በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ሰው አስቀድሞ የደረሰበትና በእጁ ያስገባው፥ በገበያ የሚሸጥና የሚለወጥ፥ በመዝገብ ተጽፎ የሚቈጠር ሀብት ነው። ሁለተኛው ግን ከጥንት ጀምሮ በሥፍራው ተቀምጦ፥ የሚያየው ዐይንና የሚሠራበት እጅ እስኪመጣለት ድረስ የሚጠብቅ ሀብት ነው። አገር የሚለማው የፊተኛው ሀብት ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ብቻ ሳይሆን፥ የኋለኛውም በጥበብ ተሠርቶ በፊተኛው ላይ ሲጨመር ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው የአባቶቻችን ተረትም የሚወቅሰው በደጅ ያለውን ሀብት ሳያዩ ማለፍን ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም በአዲስ ከተማ በመርካቶ ለሚነግዱት ወገኖቻችን ልናሳስብ የወደድነው የኋለኛው ወገን ሀብት ስለ ሆነው ስለ ጎርጎራ ዳርቻ ነው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ የውሃ ዳር ዕረፍት በተነሣ ጊዜ የባለ ገንዘቡ ሐሳብ ፈጥኖ ወደ ሞምባሳ ወይም ወደ ዛንዚባር ይሄዳል። ሆኖም ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ደግሞ 66 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው የጣና ሐይቅ፥ 37 ያህል ደሴቶቹን በሆዱ ይዞ በአገራችን መካከል ተዘርግቶ ይገኛል። የደቡቡ ዳርቻው ባሕር ዳርን አሳድጎ ትልቅ ከተማ አድርጓታል፤ የሰሜኑ ዳርቻ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚገባውን ያህል ሳይሠራበት ቈይቷል።

ጎርጎራ ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በደምቢያ ምድር፥ በሐይቁ አፋፍ የተቀመጠች ሥፍራ ናት። ሥፍራዋ ምንም እንኳ ከምድር ሰቅ የማይርቅ የሙቀት ቀበሌ ቢሆን፥ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ ቀኑ የሞቀ፥ ሌሊቱም የቀዘቀዘ ነው። በውሃው ዳር ደንገል በቅሎ ይታያል፤ ዓሣ አጥማጁም በዚያው ደንገል በታሰረ ታንኳ ይቀዝፋል። በበጋ ወራት ከሰሜን አውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ የክራኮስ አእዋፍ በሐይቁ ዙሪያ ያርፋሉ። በሐይቁ ውስጥ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ብዙ የዓሣ ዓይነቶች ስላሉ፥ የዓለም ሊቃውንት ሁልጊዜ ይመላለሱበታል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ በዓለም የሕይወት ሉል ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ታሪክን ለሚወድ እንግዳም ጎርጎራ ባዶ እጅዋን አትቀበለውም። ዐፄ ሱስንዮስ በዚህ አካባቢ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፤ የጎንደር ነገሥታት የግንብ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የነበረው የግንብ ጥበብ ፍራሽ ዛሬም በሣር ተከቦ ይታያል። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን በጥንታዊ ሥዕሎችዋ የታወቀች ናት፤ የማንድባ ገዳምም ከሐይቁ ዳር ይገኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ጠላት ለራሱ ጥቅም ሲል የጀልባ ወደብ በጎርጎራ አሠርቶ ነበር። ከነጻነት በኋላ በዚሁ ወደብ ከባሕር ዳር የሚነሣው መርከብ በመንገዱ ያሉትን መንደሮች እየነካ ሰውና እህል ሲያመላልስ ለብዙ ዘመን አገልግሏል።

ይህ ሁሉ ተረስቶ አልቀረም። በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራ ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋራ ተመርጣ፥ ባለጸጎች ለአንድ ማዕድ 10 ሚሊዮንና 5 ሚሊዮን ብር እየከፈሉ ለሥራው ገንዘብ እንዲያዋጡ ተጠርተው ነበር። ከዚያም ወዲህ በሐይቁ ዳር ያማረ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ጣና ነሽ ሁለት» የተባለችው መርከብ ከጂቡቲ ተነሥታ ረጅሙን መንገድ በየብስ ተጭና እስከ ሐይቁ ድረስ መጥታለች። መርከብ በተራራና በሸለቆ ላይ ስትጓዝ ያየ ሕዝብ ምንኛ እንደ ተደነቀ ሁላችንም እናስታውሳለን።

ነገር ግን አንድ ማረፊያና አንዲት መርከብ ብቻቸውን አገር አያቀኑም። የመጣው እንግዳ በማረፊያው ግቢ ውስጥ በልቶ፥ ጠጥቶ፥ አድሮ የሚመለስ እንደ ሆነ፥ ከአጥሩ ውጭ ያለው የደምቢያ ሰው መኪና ሲያልፍ ከማየት በቀር የሚያገኘው ጥቅም የለም። ጥቅሙ ለሕዝቡ የሚደርሰው በዋናው ማረፊያ ዙሪያ ብዙ ትንንሽ ሥራዎች ሲበቅሉ ነው። እኛም ወደ መርካቶ ነጋዴ ፊታችንን የመለስነው ስለዚህ ነው።

መርካቶ ራሱ ምን እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት የአገሩን ተወላጅ ከአራዳ ገበያ ለይቶ ወደ ምዕራብ ባገለለው ጊዜ፥ ያ ሥፍራ ዛሬ የምናውቀው መርካቶ አልነበረም። ስሙን ጠላት በቋንቋው «ገበያ» ብሎ ሰየመው፤ ገበያ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ነጋዴ ድካም ነው። ከገጠር በእግሩ መጥቶ በጀርባው ተሸክሞ፥ በጉልት ቸርችሮ፥ ቀጥሎም ሱቅ ከፍቶ፥ ሸማ ተራን፥ ቅመም ተራን፥ ቦምብ ተራን፥ ምናለሽ ተራን ያቀና ሰው፥ ያልለማ ሥፍራ እንዴት እንደሚለማ ከማንም መማር አያስፈልገውም። እንግዲህ ከእርሱ የበለጠ ለጎርጎራ የሚስማማ ባለ ሙያ ከወዴት ይገኛል?

ደግሞም ገንዘብን ሁሉ በአንድ ሥፍራ መከመር የሚያስከትለውን አደጋ መርካቶ በራሱ ላይ አይቶታል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው የእሳት ቃጠሎ የብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት ወደ አመድ ሲለውጥ፥ ሐዘኑ የከተማው ሁሉ ሐዘን ነበር። ያን ጊዜ ንብረቱ በሁለትና በሦስት ሥፍራ ተከፍሎ የነበረ ነጋዴ አንዱ ቢቃጠልበት በሌላው ይቋቋማል፤ ያለው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የነበረው ግን እንደ ገና ከጉልት መጀመር ግድ ሆነበት። አስተዋይ ነጋዴ ከትርፉ ጥቂቱን ከከተማው ውጭ ቢዘራ ራሱንም አገሩንም ይጠቅማል።

በጎርጎራ የሚሠራው ሥራ የግድ ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል መሆን የለበትም። መካከለኛ ኑሮ ላለው ለአገሩ ሰው፥ ለተማሪና ለተሳላሚ የሚሆን ንጹሕ ማደሪያ ያስፈልጋል። ወደ ደሴቶቹና ወደ ገዳማቱ የሚያደርስ ደኅና ጀልባ፥ ጀልባውንም የሚጠግን ጋራዥ ያስፈልጋል። ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶና አምባዛ ሳይበላሽ ጎንደርና አዲስ አበባ እንዲደርስ በረዶ ቤትና ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ያስፈልጋል። የደምቢያ ጤፍና ሽምብራ ተበጥሮ፥ ተፈጭቶ፥ ታሽጎ የሚሸጥበት ቤት፥ የአገሩ ሴቶች የሚሰፉት መሶብና የሸማኔው ጥበብ በተገቢው ዋጋ ለእንግዳ የሚቀርብበት ሱቅ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የመርካቶ ነጋዴ ዐይኑን ጨፍኖ የሚያውቀው ሥራ ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ የሚል ቢኖር፥ መልሱ እዚያው በመርካቶ አለ። ነጋዴዎቻችን በዕቁብ ተማምነው ብዙ ገንዘብ ሲያንቀሳቅሱ ኖረዋል። ይኸው መተማመን በሕግ በተመዘገበ የአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ቢገባ፥ አንድ ሰው ብቻውን የማይደፍረውን ሥራ መቶ ሰው በቀላሉ ይደፍረዋል። «ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሐምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይባላልና። ከማኅበሩም አክሲዮን ከፊሉ ለደምቢያ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ቢቀመጥለት፥ ሥራው እንግዳ ሳይሆን የአገሩ ልጅ ሆኖ ያድጋል።

ይህን ስንል ግን ማንም ሰው ነገ ተነሥቶ ዳርቻውን በግንብ ይጠር ማለታችን አይደለም። በሜክሲኮ አገር ያለችው ካንኩን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ገደማ ጥቂት ሰው ብቻ የሚኖርባት የአሸዋ ዳርቻ ነበረች። መንግሥቱ አስቀድሞ መንገድ፥ የአውሮፕላን ማረፊያ፥ ውሃና መብራት ካሰናዳላት በኋላ ባለ ሆቴሎች ገቡባት፤ ዛሬም በያመቱ በሚሊዮን የሚቈጠር እንግዳ ታስተናግዳለች። ይሁን እንጂ ሆቴሎቹ በአሸዋው ላይ ተጠጋግተው ስለ ተሠሩና ውሃውን የሚያቅፈው ደን ስለ ተመነጠረ፥ በ1988 ጊልበርት፥ በ2005 ደግሞ ዊልማ የተባሉት አውሎ ነፋሶች በተነሡ ጊዜ ዳርቻው ተጠርጎ ሄደ። አሸዋውም በብዙ ወጪ ከባሕር እየተቀዳ እንደ ገና መሞላት ግድ ሆነ። ሰው የሚመጣበትን ውበት ራሱ ሥራው ካጠፋው፥ ሥራው ራሱን በላ ማለት ነው።

ለጣናም የሚያሰጉት ነገሮች የታወቁ ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ የታየው እምቦጭ የተባለው አረም ታንኳን አግዷል፥ መረብን ጠልፏል፥ የከብት ግጦሽንም ሸፍኗል። ሕዝቡ ከየመንደሩ ወጥቶ በእጁ ነቅሎታል፤ መኪናም ተሞክሮበታል፤ አረሙ ግን ከእርሻና ከከተማ በሚወርደው ጥራጊ እየተመገበ ይመለሳል። ስለዚህ በዳርቻው የሚሠራ ማንኛውም ቤት እድፉን ሳያጣራ ወደ ሐይቁ የሚለቅ ከሆነ፥ እምቦጭን በገዛ እጁ እንደሚቀልብ ይወቅ። የውሃውም መጠን ከፍና ዝቅ ይላል፤ በ1995 ዓ.ም. እጅግ ጐድሎ መርከቦች ከጉዞ ተከልክለው ነበር። ዳርቻው ሜዳማ በመሆኑ ውሃው ጥቂት በሸሸ ቍጥር ሰፊ መሬት ይገለጣል፤ ጥቂት በሞላ ጊዜም መልሶ ይውጠዋል። ይህን ሳይመረምር በሐይቁ አፍ ላይ መሠረት የሚጥል ሰው ገንዘቡን ለውሃ ሰጠ ማለት ነው። ሐይቅ ራሱ ሊጠፋ እንደሚችልም ከሐሮማያ ተምረናል፤ በ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ደርቆ ታንኳ የተቀዘፈበት ሥፍራ ከብት ሲሰማራበት ታይቷል። ዛሬ ውሃው ተመልሶ ቢታይም፥ ያ ዘመን ሊረሳ አይገባውም።

የጤናም ነገር አለ። ደምቢያ የወባ አገር ናት። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቈጠር ሰው ፈጅቷል፤ በጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ እንዲቋቋም ካስገደዱት ምክንያቶችም አንዱ እርሱ ነበር። ስለዚህ ማረፊያ የሚሠራ ሰው አጎበርንና የውሃ ማፋሰሻን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ መሠረት ድንጋይ ይቍጠራቸው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ ሊባል የሚገባው የገበሬው ነገር ነው። ያልለማ የምንለው ዳርቻ ባለቤት የሌለው ዳርቻ አይደለም። የሸሸውን ውሃ ተከትሎ የሚያርስ ገበሬ፥ መረቡን የሚያሰጣ ዓሣ አጥማጅ፥ ደንገል የሚያጭድ ታንኳ ሠሪ፥ ከብቱን የሚያጠጣ እረኛ አሉበት። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቅ ሰውም ካሣ እንዲከፈለውና መልሶ እንዲቋቋም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 ያዝዛል። ሆኖም በወረቀት ላይ ያለ ሕግ ገበሬው ደጃፍ ካልደረሰ፥ ዛሬ በጥቂት ብር የተነሣው ሰው ነገ በዚያው በአባቱ መሬት ዘበኛ ሆኖ ይቈማል። እንዲህ ያለው ልማት ለባለ ገንዘቡም ዕረፍት አይሰጠውም፤ ጐረቤቱ ያዘነበት ቤት በሩን ከፍቶ አያድርምና። ወደ ውሃው የሚያወርደው የሕዝብ መንገድ እንዳይዘጋ፥ ሥራም ሲገኝ አስቀድሞ ለአገሩ ልጅ እንዲሰጥ በውሉ ውስጥ መጻፍ ይገባል።

ሰላምም የዚህ ሁሉ በር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የደረሰው ግጭት ብዙ ሕይወት አጥፍቷል፤ መንገደኛን አስፈርቷል፤ እንግዳንም ከጣናና ከጎንደር አርቋል። ጀልባ ነጂውና መሪው፥ ምግብ ቤት ያላትም እናት ያለ ሥራ የዋሉባቸውን ቀኖች ማን ቈጥሮ ይጨርሳል? እንግዳ በጥሪ ወረቀት ብቻ አይመጣም፤ ነጋዴም በስብከት ብቻ ገንዘቡን አያወጣም። ሁለቱም የሚመጡት ማታ ወጥቶ ጧት በደኅና መመለስ ሲቻል ነው። ስለዚህ ጠብን በንግግርና በእርቅ መጨረስ ለጎርጎራ ከወደቡም ከማረፊያውም የሚቀድም ልማት ነው።

እንግዲህ የመርካቶ ነጋዴ ሆይ፥ ምክራችን አጭር ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂድና ጎርጎራን በገዛ ዐይንህ እይ፤ ገበሬውንና ዓሣ አጥማጁን ጠይቅ፤ ውሃው በክረምት እስከ ወዴት እንደሚደርስ ከአገሩ ሽማግሌ ተረዳ። ከዚያም ከባልንጀሮችህ ጋራ ተመካክረህ፥ ትንሽ ጀምረህ፥ ያገሩን ሰው ባለ ድርሻ አድርገህ ሥራ። አባቶችህ ጠላት ያገለላቸውን ሥፍራ የአገር ገበያ አድርገው ላንተ አውርሰውሃል፤ አንተም ለልጆችህ ውሃው የጠራ፥ ዳርቻው ያልታጠረ፥ ሕዝቡም የጠገበ ጣናን ብታወርሳቸው ከማንኛውም ትርፍ የሚበልጥ ትርፍ ነው።