ጩኸቱን ከምንጩ

በእኛ አገር «ቶዮታ» ሲባል የሚታየን የሥራ መኪና ነው። ዲኤክስ ኮሮላው፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ሚኒባስ፣ ገጠር ለገጠር የሚዞረው ላንድክሩዘር። መለዋወጫው በየሱቁ አለ፣ ሲሸጡትም ዋጋው አይወርድም። ጥሩ ስም ነው፤ የክብር ስም ግን አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካኖችም ቶዮታን የሚያውቁት በዚሁ ነበር። ወጣቱ ሠራተኛ ቶዮታ ይገዛል፤ ደህና ገንዘብ መቁጠር ሲጀምር ቶዮታውን ሸጦ ወደ መርሴዲስ ወይም ወደ ቢኤምደብሊው ይሄዳል።

ነሐሴ 1983 የኩባንያው ሊቀመንበር ኤይጂ ቶዮዳ የቅርብ ሹማምንቱን በዝግ ስብሰባ ሰብስቦ አንድ ጥያቄ አቀረበ። ዓለም አንደኛ ከሚላቸው የቅንጦት መኪኖች ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቆም መኪና መሥራት እንችላለን ወይ? ጥያቄው የኩራት ብቻ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ጃፓን ወደ አሜሪካ የምትልካቸውን መኪኖች በዓመት በ1.68 ሚሊዮን ለመገደብ ተስማምታ ነበር። ቁጥሩ ከታሰረ ደግሞ ገቢ የሚያድገው እያንዳንዱን መኪና በውድ ዋጋ በመሸጥ ነው።

ኩባንያው አሜሪካ ላይ ቀድሞ አንድ ጊዜ አፍሯል። በ1957 ቶዮፔት ክራውን የተባለውን መኪና ይዞ ካሊፎርኒያ ገባ። ክራውን በጃፓን ኮረኮንች ላይ ጀግና ነበር፤ የአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ፍጥነት ሲጨምር ግን ሞተሩ ይግላል፣ አካሉ ይንቀጠቀጣል። በ1958 የተሸጠው 287 ክራውንና አንድ ላንድክሩዘር ብቻ ነው። አዎ፣ አንድ። እንግዲህ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ እንዲሠራ የታዘዘው መኪና በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ከሁሉም ይበልጥ ዝም እንዲል ነበር የተፈለገው።

ሥራው ለዋና መሐንዲሱ ለኢቺሮ ሱዙኪ ተሰጠ። በ1985 የዲዛይን ቡድኑ ካሊፎርኒያ ውስጥ ላጉና ቢች ላይ ቤት ተከራይቶ የሀብታሞችን ኑሮ ይመለከት ጀመር፤ ምን እንደሚነዱ፣ የት እንደሚያቆሙ፣ በራቸውን ማን እንደሚከፍትላቸው። ሱዙኪ በበኩሉ የአውሮፓ መኪና ያላቸውን ሰዎች እያስቀመጠ ለምን እንደገዙ ጠየቃቸው። የመልሶቻቸው ቅደም ተከተል ሳያስደነግጠው አልቀረም። አንደኛ ክብርና ዝና፣ ሁለተኛ ጥራት፣ ሦስተኛ ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ። የመኪናው ብቃት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ደኅንነት ደግሞ መጨረሻ ላይ።

እዚህ ላይ አንድ መሐንዲስ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ክብር በፋብሪካ አይመረትም። መርሴዲስ መኪና የመሥራት ታሪኩን የሚቆጥረው ከ1886 ነው፤ አዲስ ስም ያንን ዕድሜ ከየትም ሊያመጣ አይችልም። ሱዙኪ ግን ብቃት ላይ ለመሥራት ወሰነ። እኔ ሳስበው፣ ከዝርዝሩ ውስጥ እጁ ሊደርስበት የሚችለው እሱ ብቻ ስለነበር ነው።

ያስቀመጣቸው ግቦች ግን እርስ በርስ የሚጣሉ ነበሩ። መኪናው በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ይሂድ፤ ነዳጅ ሲቆጥብ ግን በአንድ ሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይጓዝ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ውስጡ የሚሰማው ድምፅ ከ58 ዴሲቤል አይለፍ፤ ክብደቱም ይቀንስ። ጣጣው የት ላይ እንዳለ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ፍጥነት ትልቅ ሞተር ይፈልጋል፤ ትልቅ ሞተር ይከብዳል፣ ነዳጅም ይጠጣል። ድምፅ ለማፈን በየቀዳዳው ስፖንጅና ወፍራም ምንጣፍ ይጠቀጠቃል፤ እሱም ይከብዳል፣ ከባዱን ለመጎተት ደግሞ ሌላ ጉልበት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ይህን ያውቁታል፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ይለቃሉ። ሱዙኪ ምንም መልቀቅ አልፈለገም።

ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነበር። ድምፁን ከማፈን ይልቅ ድምፁ እንዳይወለድ ማድረግ።

ሞተር ለምን ይንቀጠቀጣል? አንዱ ምክንያት በውስጡ የሚሽከረከሩትና የሚመላለሱት ክፍሎች በክብደትም ሆነ በመጠን ፍጹም እኩል አለመሆናቸው ነው። ከፀጉር የቀጠነ ልዩነት በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም መሪው ላይ ይሰማል፣ መቀመጫው ላይ ይሰማል። ሱዙኪ የሞተር ፋብሪካውን ሰዎች ከለመዱት የጠበበ ልክ እንዲጠቀሙ ጠየቃቸው። የመለሱለት አጭር ነው፤ ማሽናችን ከሚችለው በላይ የጠራ ዕቃ ከየት እናመጣለን? አልተከራከረም። አንድ ሞተር ብቻ፣ ምርጥ ባለሙያዎች በእጃቸው እየለኩና እያስተካከሉ እንዲሠሩለት ለመነ። ሠሩለት። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞከር ክርክሩ በዚያው አበቃ፤ የፋብሪካው ሰዎች ራሳቸው ልዩነቱን ሰሙት። ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ይቻላል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «በብዛት እንዴት?» ሆነ፤ ለዚሁም ዲዛይኑንና ምርቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ኮሚቴ ተቋቋመ። አራት ሊትሩና ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ማንም ገዢ ጎንበስ ብሎ የማያየው ነገር ነው። የኋላ ጎማው በሚገፋው መኪና ላይ ጉልበቱ ከሞተር ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ በረጅም ዘንግ ወደ ዲፈረንሻል ይሄዳል። እነዚህ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡ ዘንጉ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ይታጠፋል። ታጥፎ የሚሽከረከር ዘንግ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ይነቀንቃል። የቶዮታ መሐንዲሶች ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ዘንጉንና ዲፈረንሻሉን እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ባለ አንድ መስመር ላይ ለማሰለፍ ተነሡ። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ሞተሩ ቦታውን ሲቀይር ግን ወለሉ፣ የጭስ ማውጫው፣ የመቀመጫው ከፍታ ሁሉ አብሮ ይቀየራል፤ መኪናውን እንደ አዲስ መሣል ማለት ነው። ሣሉት። ለአካሉም በሁለት ስስ ብረቶች መካከል ሙጫ መሰል ነገር የገባበት ቆርቆሮ ተጠቀሙ፤ ሲመታ ከመጮኽ ይልቅ ድምፁን ይውጠዋል።

ነገሩ ሲያልቅ 1,400 መሐንዲሶች ሠርተውበት፣ 450 ያህል የሙከራ መኪኖች ተገጣጥመው፣ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ስሙ የተገኘው ከብዙ ዕጩዎች መካከል ነው፤ «አሌክሲስ» የሚለው ተቆራርጦ ሌክሰስ ሆነ። «ሌክሲስ» የተባለ የሕግ መረጃ አገልግሎት ያለው ኩባንያ ከሶ በመጀመሪያ ቢያሳግድም በይግባኝ ተረታ።

ጥር 1989 መኪናው ኤልኤስ 400 ተብሎ በዲትሮይት አውደ ርእይ ታየ፤ መስከረም ላይ ሽያጩ ተጀመረ። ዋጋው 35 ሺህ ዶላር ነበር። ሊወዳደረው የመጣው መርሴዲስ 420 ኤስኢኤል ከ60 ሺህ በላይ ያወጣ ነበር። ከመልኩ አንጻር ግን ብዙ አልተመሰገነም፤ ከፊት ሲያዩት የመርሴዲስ ታናሽ ወንድም ይመስላል። አብሮት የወጣው ኢኤስ 250 ደግሞ፣ በግልጽ እንናገር ከተባለ፣ ቆዳ የለበሰ ካምሪ ነበር፤ ማሳያ ክፍሉን ባዶ ላለማድረግ የገባ። መሐንዲሶቹ በዘንግ ቀጥታነት ሲጨነቁ በኖሩበት ቤት ይህ እንዴት እንዳለፈ ይገርማል።

ማስታወቂያው ግን ሰውን ያዘ። መኪናው በሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ቆሟል። ኮፈኑ ላይ አሥራ አምስት የሻምፓኝ ብርጭቆዎች እንደ ፒራሚድ ተደርድረዋል። የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 145 ማይል፣ ማለትም 230 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ነዳጅ ይሰጠዋል። አንድም ብርጭቆ አይወድቅም። ያ ሁሉ የዓመታት ሥራ ወደ አንድ ደቂቃ ተጨምቆ ማንም ሊያየው በሚችል ነገር ተገለጠ።

ሦስት ወር ሳይሞላው ነገሩ ሊፈርስ ደረሰ። ታኅሣሥ 1989 ሁለት ደንበኞች አቤቱታ አቀረቡ፤ አንዱ በሽቦ ችግር፣ ሌላው ከመጠን በላይ በጋለ የፍሬን መብራት። የሞተ ሰው የለም፣ የተጎዳም የለም። ሌክሰስ እስከዚያን ቀን የሸጣቸውን 8,000 ኤልኤስ 400ዎች በሙሉ እንደሚያስተካክል አስታወቀ። አዲስ ስም ለሆነ ኩባንያ ይህ በገዛ እጅ ራስን ማሳጣት ይመስላል።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ደንበኛው መኪናውን ይዞ ጋራዥ እንዲሰለፍ አልተደረገም፤ ባለሙያ ቤቱ ድረስ መጥቶ መኪናውን ወስዶ፣ ሠርቶ፣ አጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ መለሰለት። አከፋፋይ በሌለበት ሩቅ ቦታ ለሚኖሩት ባለሙያዎች በአውሮፕላን ተላኩ፤ የሚሠሩበት ጋራዥም ተከራየላቸው። በ20 ቀን ውስጥ ተጠናቀቀ። ደንበኞቹ ለጎረቤት ያወሩት ስለ ጋለው መብራት አልነበረም፤ ታጥቦና ነዳጅ ተሞልቶ ስለ መጣው መኪና ነበር። ሱዙኪ ከገዢዎቹ ዝርዝር አናት ላይ ያገኘውና በፋብሪካ የማይመረተው ክብር እዚህ ላይ መጣ። በእርግጥ 8,000 መኪና ትንሽ ቁጥር ነው፤ ቶዮታን የሚያህል ኩባንያ ሊችለው የሚችለው ወጪ ነው። ቢሆንም ያንን ያህል ለማድረግ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም።

በ1990 በአሜሪካ ከ63 ሺህ በላይ ሌክሰስ ተሸጠ፤ ጄ.ዲ. ፓወር የተባለው ድርጅት ባደረገው የጥራት ጥናትም አንደኛ ወጣ። ቢኤምደብሊው ጃፓኖቹ ከወጪያቸው በታች እየሸጡ ነው ሲል ከሰሰ። የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች አንድ ኤልኤስ 400 ገዝተው ብሎን በብሎን ፈትተው ካዩት በኋላ፣ ባላቸው የአሠራር ዘዴ ይህን መኪና መሥራት እንደማይቻል ጽፈው ሪፖርት አቀረቡ። ከ2000 እስከ 2010 ሌክሰስ በአሜሪካ ከቅንጦት መኪኖች ሁሉ በሽያጭ ቀዳሚው ነበር። በራሷ በጃፓን ግን መኪናው ሴልሲዮር በሚል ስም በቶዮታ አርማ ሲሸጥ ኖሮ፣ ሌክሰስ የሚለው ስም አገሩ የገባው በ2005 ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ለኩባንያው ደስ ባለው ነበር። ነሐሴ 2009 ሳን ዲየጎ አጠገብ፣ አንድ የመንገድ ፖሊስ ከአከፋፋይ በውሰት የተሰጠውን ኢኤስ 350 ቤተሰቡን ይዞ ሲነዳ መኪናው በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ አልቆም አለው። በውስጡ የነበሩት አራቱም ሰዎች ሞቱ። የነዳጅ መስጫውን ይዞ ያስቀረው የእግር ምንጣፍ ነበር፤ ለሌላ ትልቅ ሞዴል የተሠራ ምንጣፍ እላዩ ላይ ተነጥፏል። ምርመራው ያወጣው ሌላም ነገር አለ። ከጥቂት ቀናት በፊት ያንኑ መኪና ተውሶ የነበረ ደንበኛ ምንጣፉ ፔዳሉን እንደያዘበት ለአከፋፋዩ እንግዳ ተቀባይ ነግሮ ነበር። ቃሉ ከዚያ ጠረጴዛ አላለፈም።

ቶዮታ በዚያው ዓመት መገባደጃ 3.8 ሚሊዮን መኪኖችን በምንጣፍ ምክንያት ለማስተካከያ ጠራ። ቀጥሎ ተጣብቆ የሚቀር ፔዳል ተገኘ፤ ሌሎች ሚሊዮኖች ተጠሩ። ፕሬዚዳንቱ አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። በ2014 ደግሞ ኩባንያው ስለነዚህ ችግሮች ደንበኞችን አሳስቶ እንደነበር አምኖ ለመንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ኤልኤስ 400ን ለመፍጠር ከወጣው ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ ነው።

ሌክሰስ በአሜሪካ የነበረውን የሽያጭ ቀዳሚነት በ2011 ለቢኤምደብሊው አስረከበ። ምን ያህሉ ከስሙ መጉደፍ እንደመጣ፣ ምን ያህሉ ደግሞ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የጃፓንን ፋብሪካዎች ካቆመው የመሬት መንቀጥቀጥ እንደመጣ መለየት ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አንደኝነቱን ቢኤምደብሊውና መርሴዲስ ሲቀባበሉት ቆዩ።