ስክሪኑ ቢለወጥም ፍሬው መሬት እንዳይቀር

በላስታ ደጋ ስንዴና ገብስ ዛሬም በአብዛኛው የሚታጨደው በማጭድ፣ የሚወቃውም በአውድማ ላይ በበሬ ነው። ማሳው ተዳፋትና በእርከን የተከፋፈለ በመሆኑ ትልቁ ኮምባይነር እንደ ልብ አይገባም። ሆኖም ሰብሉ ደርሶ ዝናብ ሲያሰጋና የሰው ጉልበት ሲያጥር፣ ሜዳማ ማሳ ያለው አርሶ አደር ማሽኑን መፈለጉ አይቀርም። ያን ጊዜ “ኮምባይነር አለ ወይ?” ከሚለው ጥያቄ ጎን “ኦፕሬተሩ ማሽኑን ያውቀዋል ወይ?” የሚል ሊጨመር ይገባል።

በነባሮቹ ማሽኖች ኦፕሬተሩ የሚሠራው በማርሽ ዘንግና በጌጅ፣ እንዲሁም ድምፅ በማዳመጥ ነው። በአዳዲሶቹ ግን የመውቂያው ፍጥነት፣ የማራገቢያው ንፋስና የወንፊቱ ክፍተት የሚስተካከሉት ከስክሪን ነው። ሞዴሉ ሲቀየር ምልክቶቹም ቦታቸውም ይቀየራሉ፤ ጽሑፉም በአብዛኛው የውጭ ቋንቋ ነው። የዓመታት ልምድ ያለው ሰው እንኳ ለጥቂት ቀናት እንደ ጀማሪ መሆኑ አያስነቅፈውም። የሚያስነቅፈው ልምምዱን በአርሶ አደሩ ሰብል ላይ ማድረጉ ነው።

ስክሪኑ የሰብል ዓይነት ያስመርጣል። ትናንት ባቄላ የወቃ ማሽን ሳይስተካከል ስንዴ ውስጥ ከገባ፣ ባቄላ ዝግ ያለ ፍጥነትና ሰፊ ክፍተት ስለሚፈልግ፣ የስንዴው ዛላ በደንብ ሳይወቃ ይወጣል። ፍጥነቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ፍሬው ይሰበራል፤ ለዘርም አይሆንም። ንፋሱ ከበዛ ፍሬውን ከገለባው ጋር ይወስደዋል።

የብክነት አመልካቹም ብቻውን አይታመንም። የሚያሳየው በመዳሰሻው ላይ የሚያርፈውን ፍሬ እንጂ የጠፋውን ኪሎ አይደለም። በተዳፋት ላይ ደግሞ ፍሬው በወንፊቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚንሸራተት ንባቡ ሊያሳስት ይችላል። ማረጋገጫው መሬት ላይ ነው።

ማሽኑ ካለፈ በኋላ በአጨዳው ስፋት ልክ ከዳር እስከ ዳር በተለያዩ ቦታዎች የአንድ ካሬ ሜትር ፍሬ ይቆጠራል፤ አማካዩም ይወሰዳል። ከአጨዳው በፊት ረግፎ የነበረው ይቀነሳል። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ 35 ግራም ቢመዝን፣ በካሬ ሜትር 100 ፍሬ ማለት በሄክታር 35 ኪሎ፣ ሩብ ሄክታር በሆነ ጥማድም ወደ 9 ኪሎ ገደማ ነው። ክፍያው በኩንታል ሲሆን ኦፕሬተሩን የሚያጓጓው ቶሎ ጨርሶ ወደ ሌላ ማሳ መሄድ ነው፤ መሬት የቀረው የአርሶ አደሩ ኪሳራ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ኦፕሬተሩ ማሽኑ ቆሞ ሳለ እያንዳንዱን ምልክት በአማርኛ በደብተር ይጻፍ፤ ለየሰብሉ የሠራለትን ልክ በስልኩ ፎቶ ያስቀር። በማሳ ላይ ደግሞ ጥቂት ሜትር አጭዶ ይቁም፣ ይውረድ፣ ይቁጠር፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ። ሁለቱን አብሮ ከለወጠ የትኛው እንደሠራ አያውቅም። በአርሲ ቁሉምሳ የሚገኘው የእርሻ ማሠልጠኛ ማዕከል ኦፕሬተሮችን በተግባር ያሠለጥናል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም አርሶ አደሩን ከማሽን ባለቤት ጋር ሲያገናኙ፣ የሙከራ አጨዳና ቆጠራ በውሉ ውስጥ እንዲገባ ቢያደርጉ መልካም ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከአርሶ አደሩ ጋር ከማሽኑ ኋላ ቢሄድ፣ ስክሪኑ የማይናገረውን መሬቱ ይነግረዋል።