ተጨማሪ መረጃ፦ ዩሪያ ዝናብ ሲያጣ

ቡታጅራ በጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ተራራው ሲወጣ ዝናቡ ይበረክታል፤ ወደ ማረቆ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ ግን እያነሰና እየተቆራረጠ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት የማዳበሪያ መጠን በሁለቱም አካባቢ ማሳዎች እኩል ምርት አይሰጥም።

የዩሪያ ማዳበሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ባለ 50 ኪሎ ግራሙ ጆንያ 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ሥር ግን ይህን ንጥረ ነገር የሚስበው በውሃ ሲሟሟ ብቻ ነው። አፈር ላይ ተበትኖ ዝናብ ሳያገኝ የሰነበተ ዩሪያ ከፊሉ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተለውጦ ይተናል። ዶፍ ሲወርድበት ደግሞ ታጥቦ ይሄዳል።

ሌላም ችግር አለ። በቡቃያነቱ ናይትሮጅን የበዛለት ስንዴ ቅጠሉ ይለመልማል፤ የአፈሩንም እርጥበት ቀድሞ ይጨርሳል። ዝናቡ በመስከረም ቶሎ ካቋረጠ ፍሬው ሳይሞላ ይቀጭጫል።

መፍትሔው ከፋፍሎ መስጠት ነው፦ ጥቂቱን በዘር ወቅት፣ ቀሪውን ስንዴው ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ ያውም አፈሩ እርጥብ ሲሆን።

ተወያዩ፦ ዝናቡ ቢዘገይ የሁለተኛውን ዙር ዩሪያ መቀነስ ለምን ይጠቅማል?