በኢንተርኔት የሚደረግ የዕውቀት ጭውውት እንዴት ይዘጋጃል?



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ኦፕን ሶርስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥራ የቆመው በዚሁ ብሂል ላይ ነው። ይኸውም አንድን ፕሮግራም የሠራ ሰው ኮዱን፣ ማለት ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቃል ሁሉ፣ ሳይደብቅ ለዓለም አሳይቶ፣ ሌላው ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያርመውና እንዲያሻሽለው ሲፈቅድ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ21 ዓመቱ ሊኑክስን ይፋ ሲያደርግ፣ ሥራውን የያዘው እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በየአገሩ ያሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ስለ ደከሙበት፣ ዛሬ በኪሳችን የምንይዛቸው የአንድሮይድ ስልኮች እንኳ የሚሠሩት በእርሱ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሠራተኞች በየአገሩ ተበትነው የሚኖሩ ስለሆኑ፣ አብዛኞቹ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ኮዱን ማንበብ ብቻውን የጻፈው ሰው ምን እንዳሰበ አይገልጥም፤ አዲስ የሚመጣውም ከየት እንደሚጀምር ሳያውቅ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ይህን ችግር የሚያቃልለው ሰዎች በኢንተርኔት ተሰብስበው የሚያደርጉት አጭር ጭውውት ነው። የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብም፣ ፕሮግራሞችን ወደ አማርኛ ከሚመልሱ በአገር ውስጥና በውጭ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማታ ይህን ያደርጋል። እኔም ከአዘጋጆቹ አንዱ ስለሆንሁ አሠራሩን ባጭሩ ለመግለጥ እወዳለሁ።

አንደኛው ነገር ርእስ መምረጥ ነው። ርእሱ ጠባብ ሲሆን ይጠቅማል። «ስለ ኮምፒዩተር» ቢባል አድማጩ ምን ይዞ እንደሚሄድ አያውቅም፤ «የአማርኛ ቃል ስንፈልግ ኮምፒዩተሩ ለምን ያጣዋል?» ቢባል ግን ሁሉም ለመስማት ይጓጓል። ተናጋሪው 15 ደቂቃ ይናገራል፤ 30 ደቂቃ ለጥያቄ ይተዋል። ጥያቄው የንግግሩ እጥፍ የሆነበትም ምክንያት ነገሩ ንግግር ከማድረግ ይልቅ መጨዋወት ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ተናጋሪ ማግኘት ነው፤ ከሁሉም የሚያስቸግረውም ይህ ነው። የሚያውቅ ሰው ሁሉ «እኔ ምን አውቄ!» ይላልና። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንድትናገር ስንለምናት፣ «ትልልቅ መሐንዲሶች ባሉበት እኔ ምን ልናገር?» ብላ እምቢ አለች። እኛም «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለን አግባባናት፤ በዋዜማውም በሁለት ጓደኞቿ ፊት ብቻ ተለማመደች።

የተናገረችው ስለ ሞክሼ ፊደሎች ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ መዝገብ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ቃል ስለሆነ አንዱን ሲፈልጉ ሌላውን አያገኘውም። መድኃኒቱም፣ ዋናው ጽሑፍ እንዳለ ተጠብቆ፣ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ፊደል እንዲመለሱ ማድረግ መሆኑን አስረዳች። በሙያው ብዙ ዘመን የሠሩ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ አንድ መሐንዲስ፣ «ልጄ፣ እኔ ይህን ችግር ስንት ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ፤ አንቺ ግን ለምን ብለሽ ጠየቅሽ» አሏት። በሚቀጥለው ወር ሁለቱ አብረው የጻፉት እርማት ክበባችን በሚሠራው ትንሽ የመዝገበ ቃላት ፕሮግራም ውስጥ ገባ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። የምንጀምረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ነገር ግን «2 ሰዓት» ብቻ ብለን ብንልክ፣ በውጭ ያለው ወዳጃችን ከቀትር በኋላ ሊመስለው ይችላል፤ የእኛ ሰዓት ከንጋትና ከምሽት፣ የእነርሱ ግን ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ይቆጠራልና። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ የዓለም አቀፉን ሰዓት 17:00 እንጨምራለን። ይህም በእነርሱ አቆጣጠር በዱባይ ከምሽቱ 9 ሰዓት ነው፤ በዋሽንግተን ደግሞ በሐምሌ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት፣ በጥር ልክ ቀትር ይሆናል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለማትለውጥ፣ አሜሪካና አውሮፓ ሲለውጡ ማስታወቂያውን ማስተካከል የአዘጋጁ ፋንታ ነው።

አራተኛው መሣሪያው ነው። እኛ የምንገናኘው ጂትሲ በተባለው ፕሮግራም ነው። እርሱም ራሱ ኦፕን ሶርስ ሲሆን፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ኤሚል ኢቮቭ በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሥራ ነው። ወጪውንም ማሰብ ይገባል። ምስል በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢወስድ በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ያልቃል፤ ድምፅ ብቻ በሰከንድ 40 ኪሎቢት ቢወስድ ግን 18 ሜጋባይት ይበቃል። ስለዚህ ካሜራችንን ዘግተን፣ የሚታየውን ሥዕል አስቀድመን በመላክ፣ ከኪሱ ካርድ እየገዛ የሚገባው ተማሪ በገንዘብ ምክንያት እንዳይቀር እናደርጋለን።

አምስተኛው ሥነ ሥርዓቱ ነው። አንድ መሪ እንግዶቹን በየስማቸው ይቀበላል፤ ተናጋሪው ሰዓቱን ሲያልፍ በትሕትና ያስታውሰዋል፤ ለመናገር የሚያፍሩ ሰዎች ጽፈው የላኩትን ጥያቄም ያነብላቸዋል። በማንም ጥያቄ መሳቅ ክልክል ነው። ተናጋሪው ካልፈቀደ ድምፁ አይቀዳም። በመጨረሻም አዲስ ሰው በአንድ ሳምንት ሊጨርሰው የሚችል አንድ ትንሽ ሥራ፣ ለምሳሌ አሥር ቃላት መተርጐም፣ ሳይሰጥ ጭውውቱ አይዘጋም። ያለ ሥራ የተለያየ ማኅበር ወሬውን ይዞ ይቀራልና።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቹ ማታ ማታ በስልክ ምን ይሠራሉ?» ብለው እንደሚጨነቁ እናውቃለን። መልሳችን ይህ ነው። ለንግድ የሚሠራ ፕሮግራም አማርኛን የሚያስታውሰው ትርፍ ሲያገኝበት ነው፤ ኮዱ ክፍት በሆነበት ዘንድ ግን ማንንም ደጅ ሳንጠና ቋንቋችንን ራሳችን ልናስገባበት እንችላለን። እኛ ካልሠራነው የሚሠራልን የለም። ሆኖም የበሩ መከፈት ብቻውን ሰውን አያስገባም፤ ከውስጥ «ግባ፣ ግቢ» የሚል ድምፅ ያስፈልጋል። የቅዳሜው ጭውውት ያ ድምፅ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የምታውቁት ጥቂት መስሎ ቢታያችሁም መጥታችሁ ተናገሩ። መምህራን ምክራችሁን አትንፈጉን። ወላጆችም አንድ ቅዳሜ ማታ ከአጠገባችን ተቀምጣችሁ እንድታዳምጡ በአክብሮት እንጋብዛለን።