ስለ ማደግና ስለ መለምለም የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላትና አገባባቸው

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወደ አማርኛ የሚመልስ፥ ወይም በአማርኛ የሰማውን በእንግሊዝኛ የሚመዘግብ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሚሰናከልባቸው ነገሮች አንዱ ማደግንና መለምለምን የሚያመለክቱት ቃላት ናቸው። እነዚህ ቃላት ጎን ለጎን ተጽፈው ሲታዩ ሁሉም «አደገ» በሚለው በአንዱ የሚፈቱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ሥርና የራሱ ስፍራ አለው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ልዩነት ይህ ነው፤ አንዱ ቃል መለወጥን ወይም መብዛትን ብቻ ሲናገር፥ ሌላው ያደገው ነገር ደኅና መሆኑን ጭምር ይመሰክራል። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ቃላት ዋና ዋናዎቹን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው «ግሮው» ነው። ይህ ግሥ ሣር ማለት ከሆነው «ግራስ» እና አረንጓዴ ማለት ከሆነው «ግሪን» ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ይነገር የነበረው በተለይ ስለ ዕፀዋት ነበር። ሰው፥ እንስሳና ሌላውም ነገር ማደጉ የሚነገረው «ዋክስ» በሚባል በሌላ ግሥ ነበር። ከዘመን ብዛት «ግሮው» የዚያን ስፍራ ወረሰ፤ «ዋክስ» ግን ዛሬ በይበልጥ ለጨረቃ ቀርቶ፥ መጉደልን ከሚያመለክተው «ዌን» ጋር ተጣምሮ ይነገራል። እኛ ጨረቃ ሞላች፥ ጎደለች እንደምንል ማለት ነው።

የ«ግሮው» አገባብ ሦስት ዐይነት ነው። አንደኛው ሕፃን ወይም ዛፍ አደገ ሲባል ነው። ሁለተኛው ተሻጋሪ ሲሆን ነው፤ ገበሬ ቡናን ወይም ስንዴን «ግሮው» ያደርጋል ሲባል ያበቅላል፥ ያመርታል ማለት እንጂ ያሳድጋል ማለት አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፖለቲከኞችና ነጋዴዎች ይህን አገባብ ወስደው ኢኮኖሚን «ግሮው» ማድረግ ማለትን አዘወተሩ፤ ቋንቋቸውን የሚጠብቁ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ነቀፉት። ሦስተኛው ከቅጽል ጋር ሲጣመር ነው። «ግሮው ኦልድ» አረጀ፥ «ግሮው ዊክ» ደከመ፥ «ግሮው ዳርክ» እየጨለመ ሄደ ማለት ነው፤ ማነስን ለመናገር እንኳ «ግሮው ስሞለር» ይባላል። በዚህ ስፍራ ግሡ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መሸጋገርን ብቻ ስለሚያመለክት፥ የአማርኛው አቻ «ማደግ» ሳይሆን «እያለ ሄደ» ወይም «እያለ መጣ» የሚለው አነጋገር ነው። እንግዲህ «ግሮው» በራሱ ምስጋናም ነቀፋም የለበትም።

ሁለተኛው «ትራይቭ» ነው። ይህ ቃል ከጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ የገባ ሲሆን፥ የጥንት ፍቺው ለራስ መያዝ፥ መጨበጥ ነው። ዛሬ ቁጠባ ማለት የሆነው «ትሪፍት» ከዚሁ ቃል የወጣ ነው፤ እርሱም በፊት ብልጽግናን ያመለክት ነበር። «ትራይቭ» መጠንን ብቻ አይናገርም፤ ሕፃኑ፥ ከብቱ ወይም ተክሉ ያለበት ስፍራ ተስማምቶት ደኅና ሆኖ መኖሩን ይናገራል። ሐኪሞችም ሕፃን በሚገባው መጠን ክብደት ሳይጨምር ሲቀር ይህን ግሥ በአሉታ ይናገሩበታል። ለዚህ አማርኛ «ፋፋ» የሚል እጅግ የተስማማ ቃል አለው። ሕፃኑ በቁመት ሳያድግ ሊፋፋ፥ ቁመት ጨምሮም ሳይፋፋ ሊቀር ይችላል። በ1960ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ለሕፃናት የተዘጋጀው ምግብ «ፋፋ» መባሉ ስያሜውን በትክክል የመረጡ መሆናቸውን ያሳያል።

ሦስተኛው «ፍለሪሽ» ነው። ይህ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ሲሆን ሥሩ አበባ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ዛፍ አበበ ለማለት የሚነገሩት «ብሉም» እና «ብሎሰም» ናቸው፤ ሁለተኛው በተለይ ለፍሬ ዛፍ አበባ ይስማማል። «ፍለሪሽ» ግን በይበልጥ ለከተማ፥ ለንግድ፥ ለጥበብና ለትምህርት የሚነገር ሆኗል። በታሪክ መጻሕፍት ከሰው ስም አጠገብ ይህ ቃል በአጭሩ ከዓመት ቍጥር ጋር ተጽፎ ሲገኝ፥ ሰውየው በዚያ ዘመን በለጸገ ወይም ከበረ ማለት አይደለም። የተወለደበትና የሞተበት ዓመት ስላልታወቀ፥ በሕይወት ሳለ ይሠራ የነበረበት ዘመን ይህ ነው ማለት ነው። በፍልስፍናም በኩል ቃሉ አዲስ ሥራ አግኝቷል። የአርስጣጣሊስን «ኤውዳይሞንያ» ብዙዎች «ደስታ» በሚለው ሲተረጕሙት ኖረዋል፤ ኤልሳቤጥ አንስኮም በ1958 ባወጣችው ጽሑፍ ስለ ሰው «ፍለሪሺንግ» ከተናገረች በኋላ ግን፥ የሰው ሕይወት በሙሉ ማማርና መለምለም በዚህ ቃል መገለጹ እየተለመደ ሄደ።

የመጨረሻው «ዲቨሎፕ» ነው። ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው የተጠቀለለውን መፍታት ነው። እኛ ፊልም ማጠብ የምንለውን እነርሱ በዚህ ቃል መጥራታቸው ተሰውሮ የነበረው ሥዕል ስለሚገለጥ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጥር 1949 ባደረጉት ንግግር አራተኛው ነጥብ፥ ብዙ አገሮችን ገና ያልዳበሩ በሚያሰኝ በዚሁ ቃል ጠሩ። «ፖይንት ፎር» የተባለው ርዳታ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅም የተቋቋመው በዚሁ ርዳታ ነው። በአማርኛ ለዚህ ቃል የቆመው «ልማት» ነው። ነገር ግን ሥሩ ሌላ ነው። «አገሩ ለማ» ማለት ሰው ሞላበት፥ መሬቱ ታረሰ፥ ከብቱ ረባ ማለት ሲሆን፥ ተቃራኒው ጥፋት ነው። «ልማት» እንግዲህ በጠባዩ ከ«ዲቨሎፕ» ይልቅ ወደ «ትራይቭ» የቀረበ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ሽማግሌ «አገራችን ያን ጊዜ ለምቶ ነበር» ቢሉ፥ መዝጋቢውም ይህን «ዲቨሎፕ» በሚለው ቃል ቢጽፈው፥ የውጭ አገር አንባቢ ፋብሪካና መንገድ ይፈልጋል፤ ባያገኝም ሽማግሌውን ታሪክ እንደ ተሳሳቱ ይቈጥራቸዋል። ሽማግሌው የተናገሩት ግን ስለ ጎተራው፥ ስለ በረቱና ስለ ሕዝቡ ብዛት ነበር። ስለዚህ ተርጓሚ አንድ ቃል ከመምረጡ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ በዛ ነው የተባለው፥ ተስማማው ነው፥ ወይስ ተሰውሮ የነበረው ተገለጠ? መልሱን ካላገኘ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ጽፎ ፍቺውን በአጠገቡ ማኖር ይሻለዋል።